ሕፃናት ባሉበት ቤት የእጅ ሥራ



በብዙ ቤቶች ከቁም ሣጥኑ ሥር ወይም ከአልጋው ግርጌ አንድ የተረሳ ጥቅል አይጠፋም። በውስጡ እናት ገና ሳትወልድ የጀመረችው ዳንቴል፣ ግማሹ የተጠለፈ የትራስ ልብስ፣ ወይም ተቈርጦ ያልተሰፋ ብትን ጨርቅ ይገኛል። ጥቅሉ በታየ ቍጥር «ልጆቹ ከፍ ሲሉ እጨርሰዋለሁ» ይባላል። ልጆቹም ከፍ ይላሉ፤ ነገር ግን ቀሚሱ የታሰበላት ሕፃን ያን ጊዜ ልኳ ሌላ ሆኗል።

በሌላ ቤት ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ይታያል። እናት ለሥራዋ ስትል ሕፃኑን ታባርራለች፤ የስፌት መኪናው ይጮኻል፤ ልጁም ከበሩ ሥር ቆሞ ያለቅሳል። ልብሱ በጊዜው ያልቃል፤ ቤቱ ግን ሰላም የለውም። የመጀመሪያዪቱ እናት ሥራዋን አጣች፤ ሁለተኛዪቱ ደግሞ ሥራው ወሰዳት። ሁለቱም ግን የሚያስቡት ስለ ልጆቻቸው ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ማመልከት ነው። ሕፃናት ባሉበት ቤት ረጅምና ጸጥ ያለ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የእጅ ሥራን ጠብቆ ለማቆየት ሥራውን በትንንሹ መከፋፈል፣ ቦታና ወሰን መስጠት፣ ልጁንም እንደ ዐቅሙ የሥራው ተካፋይ ማድረግ ያስፈልጋል።

1. የእጅ ሥራ ለቤተሰብ ምን ይጠቅማል?

ዛሬ የተሰፋ ልብስ በየገበያው ሞልቷል፤ ሰልባጁም አንዳንድ ጊዜ ከብትን ጨርቁ ረክሶ ይገኛል። ስለዚህ «ገንዘብ ለመቈጠብ ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃም። እርግጥ ነው፣ የተማሪ ልብስ ጉልበቱ ሲቀደድ በግማሽ ሰዓት የምትጥፍ እናት ሌላ ሱሪ ከመግዛት ትድናለች። ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ግን አለ።

የቤት ሥራ በባሕርዩ ከምሽት የማያልፍ ነው። የታጠበው ሳሕን ይቈሽሻል፣ የተጋገረው እንጀራ ይበላል፣ የተጠረገው ወለል ተመልሶ ይረገጣል። ቀኑን ሙሉ የደከመች እናት ማታ ዘወር ብላ ስትመለከት የሠራችው ሁሉ ነገ እንደ ገና የሚሠራ ሆኖ ታገኘዋለች። አንድ መሥመር ጥልፍ ግን ነገም እንደ ተጠለፈ ይቈያል። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ለደከመ ሰው ልብ ታላቅ ዕረፍት ነው። ልጁም ቢሆን አንድ ነገር ከሰው እጅ ቀስ በቀስ ሲወጣ እያየ ማደጉ በቃል የማይሰጥ ትምህርት ይሆንለታል፤ ትዕግሥት ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያያልና።

2. ከፈታዮች የምንማረው

የሀገራችን እናቶች ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ መልሰውታል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። የምትፈትል ሴት ከደጃፏ ተቀምጣ ከጎረቤት ትጨዋወታለች፣ ምድጃ ላይ ያለውን ድስት ትጠብቃለች፣ በእግሯ ሥር የሚድኸውን ሕፃን ታያለች። ሕፃኑ ቢወድቅ እንዝርቱን አስቀምጣ ታነሣዋለች፤ ስትመለስም ከሥራዋ የጐደለ ነገር የለም። ክሩ ከወራት በኋላ በቂ ልቃቂት ሲሆን ወደ ሸማኔ ይሄዳል፤ ድርና ማግ ሆኖ ተሸምኖም ባለ አራት ድርብ ጋቢ ይሆናል። ጋቢ ለመሥራት ባዶ ቀን የጠበቀች እናት የለችም፤ ሁሉም የተፈተለው በቍርጥራጭ ጊዜ ነው።

ፈትል ለዚህ የተመቸው በአራት ምክንያት ነው። እነዚህንም ወደ ጥያቄ ብንለውጣቸው ማንኛውንም የእጅ ሥራ ልንመዝንባቸው እንችላለን።

ሀ. ሥራው ሳይበላሽ በማንኛውም ሰዓት ሊቋረጥ ይችላልን?
ለ. ዓይንን ከልጁ ላይ አንሥቶ መቈየትን አይጠይቅምን?
ሐ. መሣሪያው በአንድ እጅ ተነሥቶ ከፍ ካለ ቦታ ሊቀመጥ ይችላልን?
መ. ሕፃን ቢነካው ከባድ ጕዳት የማያደርስ ነውን?

በኪሮሽ የሚሠራ ዳንቴል ይህን ፈተና አብዛኛውን ያልፋል። የሚቋረጠው አንድ ቀለበት ላይ ስለ ሆነ፣ በዚያች ቀለበት መርፌ ቍልፍ አስገብቶ መቈለፍ ሥራው እንዳይተረተር ይጠብቀዋል። ሹራብም የጀመሩት መሥመር እስኪያልቅ ጥቂት መታገሥን ይጠይቃል እንጂ ከዳንቴል ብዙ አይለይም። ጥልፍ የሚቋረጥ ሥራ ነው፤ መርፌው ግን ሁልጊዜ ጥበቃ ይፈልጋል። የመሶብና የሰፌድ ስፌት ወስፌው ሹል ስለ ሆነ፣ አክርማውም እንዲለሰልስ መርጠብ ስላለበት፣ ሕፃኑ ሲተኛ ቢሠራ ይሻላል። በመኪና መስፋትና ጨርቅ መቍረጥ ግን ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱንም አያልፉም። ስለዚህ ልጁ በሚተኛበት ወይም ሌላ ሰው በሚይዝበት ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ መመደብ አለባቸው። ለእያንዳንዱ ሰዓት የሚስማማውን ሥራ ማወቅ የግማሹ ድካም መቃለያ ነው።

3. ሥራን መከፋፈል

ለአምስት ዓመት ልጅ አንድ ቀሚስ ለመስፋት የፈለገች እናት «ቀሚስ እሰፋለሁ» ብላ ብትነሣ ቀኑ አይበቃትም። ሥራውን ግን ለስድስት ጊዜ ልትከፍለው ትችላለች። በመጀመሪያው ልክ ትወስዳለች፣ በወረቀትም ላይ ትነድፋለች። በሁለተኛው ጨርቁን ትቈርጣለች፣ ቍርጥራጩንም ፊትና ኋላውን ምልክት አድርጋ በአንድነት ታስራለች። በሦስተኛው ትከሻውንና ጎኑን ትገጥማለች። በአራተኛው አንገቱን፣ በአምስተኛው እጅጌውን ትሠራለች። በስድስተኛው ቅምቅማቱንና ቍልፉን ትጨርሳለች። እያንዳንዱ ክፍል ሕፃን ለአንድ ጊዜ በሚተኛበት ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ የሚችል ነው።

ሁለት ልማዶች ይህን አከፋፈል ይረዱታል። አንደኛው፣ ሥራን ከማቆም በፊት የሚቀጥለውን ማሰናዳት ነው። የሚቀጥለው ስፌት በትልልቅ ጥልፍልፍ ይያያዝ፤ ክሩ ተመርጦ ይቀመጥ፤ በጥቅሉም ውስጥ «የግራ እጅጌ ቀርቷል» የሚል ትንሽ ወረቀት ይግባ። ይህ ካልተደረገ በሌላ ቀን የተገኘችው ግማሽ ሰዓት የት እንደ ቆሙ በመፈለግ ታልቃለች። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሥራ በላይ አለመጀመር ነው፤ አንዱ ልጅ በአጠገብ እያለ የሚሠራ፣ ሌላው ልጅ ሲተኛ የሚሠራ።

ለሚያድግ ልጅ የሚሰፋ ልብስ ደግሞ እድገቱን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። የቀሚሱ ወይም የሱሪው ቅምቅማት እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተፈትቶ ይረዝማል። በጎኑም ትርፍ ጨርቅ መተው ልብሱን ለማስፋት ይጠቅማል። አንድ ልብስ ለሁለት ዓመት እንዲያገለግል ማድረግ የሁለተኛውን ዓመት ስፌት ከወዲሁ እንደ መሥራት ነው።

በዚህ ላይ የበዓል ነገር አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ምሳሌ የደስታ ቃል ነው፤ ነገር ግን በዋዜማው ሌሊት በመብራት ተቀምጣ የምትሰፋ እናት ክብደቱን ታውቃለች። በማግሥቱ ልጆቿ አዲስ ለብሰው ይወጣሉ፤ እርሷ ግን በእንቅልፍ እጦት ትቈጣቸዋለች። መድኀኒቱ ወደ ኋላ መቍጠር ነው። ስድስቱ ክፍሎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሠሩ ሦስት ሳምንት ይፈጃሉ። ከልጆች አንዱ ጉንፋን ቢይዘው ብላ ሌላ አንድ ሳምንት ትጨምራለች። እንግዲህ ጥር 11 ቀን የሚለበስ ቀሚስ ቢዘገይ እስከ ታኅሣሥ 13 ቀን መጀመር አለበት ማለት ነው። ያ ቀን ካለፈ አዲስ ቀሚስ ከመጀመር ይልቅ ያለውን አጥቦ፣ ቅምቅማቱን ፈትቶ፣ በአንገቱ ላይ ጥቂት ጥልፍ መጨመር ይበጃል። ልጁ በዓሉን የሚያስታውሰው በእናቱ ፊት ነውና።

4. ቦታና ጥንቃቄ

የእጅ ሥራ በቤት ውስጥ የታወቀ ቦታ ያስፈልገዋል። ክዳን ያለው አንድ ሣጥን ወይም ሙዳይ፣ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ መቀመጡ ይበቃል። የሚከተሉት ግን ሳይረሱ ሊጠበቁ ይገባል።

መርፌ ይቈጠር። በሣጥኑ ውስጥ አምስት መርፌ ካለ፣ ሲጀመርም ሲጨረስም አምስት መሆኑ ይረጋገጥ። የወደቀ መርፌ ለመፈለግ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት እጅግ ይረዳል። ልጅ መርፌ ከዋጠ ዳቦ ወይም ሙዝ በላዩ ማጕረስም፣ ለማስመለስ መሞከርም አይገባም፤ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ብቻ ነው።

ቍልፍና ጨሌ ይጠበቁ። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ ትንሽ ቍልፍ የመተንፈሻን ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል። ረጅም ክርና ጥብጣብም በአንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ሜዳ ላይ አይተው።

የስፌት መኪና ብቻውን አይተው። በእግር የሚሠራ መኪና ሲሆን ለጥቂት ደቂቃም ቢነሡ ቀበቶውን ከመንኰራኵሩ ማውለቅ ይገባል፤ ያን ጊዜ ልጅ መርገጫውን ቢረግጥ መርፌው አይንቀሳቀስም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ገመዱ ከሶኬቱ ይነቀል።

የከሰል ካውያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይቀጣጠል። የከሰል ጭስ ባይታይም እንኳ የሚመርዝ ጋዝ አለው፤ በተለይም ሕፃን በተኛበት ክፍል ውስጥ ለሕይወት አስጊ ነው። ልብስ የሚተኰሰው በር ተከፍቶ፣ ልጆችም ርቀው ሳለ ይሁን።

ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ በቀን ብርሃን ይሰፋ፤ ለማታ ነጩ ይቀመጥ። ዓይን በከንቱ አይድከም።

5. ልጅን የሥራው ተካፋይ ማድረግ

ሕፃን ክሩን የሚጐትተው ሥራውን ሊያበላሽ ፈልጎ አይደለም፤ እናቱ በጣም የተመለከተችው ነገር ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመር በፊት ለዐሥር ደቂቃ ያህል ሙሉ ፊትን ሰጥቶ አብሮ መጫወት፣ በኋላ የሚገኘውን ግማሽ ሰዓት ይገዛል። ቀጥሎም ለልጁ እንደ ዕድሜው የራሱን ሥራ መስጠት ነው።

ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅ፣ ሰፋፊ የጨርቅ ቍራጮች በቅርጫት ይሰጡት፤ ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ ይለይ። ደጋግሞ ቢደፋው አይቈጡት፤ መድፋቱም የእርሱ ሥራ ነው።

ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ፣ ጠንካራ ካርቶን በየመሥመሩ ተበስቶ፣ ጫፉ የጠነከረ የጫማ ክር ይሰጠው። በቀዳዳዎቹ ማስገባትና ማውጣት ስፌትን ያለ መርፌ ያስተምረዋል።

ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ፣ ጫፉ የደነዘ ትልቅ መርፌ፣ ወፍራም የሱፍ ክርና የጆንያ ቍራጭ ይበቃዋል። የጆንያው ድርና ማግ ሰፋ ያለ ስለ ሆነ ቀጥ ብሎ መሄድን በቀላሉ ይማራል።

ለስምንትና ለዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እናቱ አጠገብ እያለች እውነተኛ መርፌ ይያዝ፤ ቍልፍ መትከል ይማር። ዐሥር ዓመት ሲሞላው የራሱን ልብስ መጣፍና ቅምቅማት መቀምቀም ይችላል።

ይህ ሁሉ ለወንዱም ለሴቷም ነው። በሀገራችን ሸማኔው ወንድ ነው፤ በየገበያው ዳር መኪናውን ተክሎ የሚሰፋውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። እንግዲህ «መርፌ የሴት ነው» ብሎ ወንድ ልጅን መመለስ ከራሳችን ልማድ ጋር እንኳ አይስማማም።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጅ የሰፋው ጠማማ ስፌት በፊቱ አይተርተር። ጠማማ ሆኖ የተሰፋው የድስት መያዣ በማድ ቤት ተሰቅሎ በየቀኑ ሲሠራበት የሚያይ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ያቀናዋል፤ የተተረተረበት ግን ሁለተኛ መርፌ አያነሣም።

6. ሥራው ለገበያ ሲሆን

ብዙ እናቶች የእጅ ሥራቸውን ለቤት ብቻ ሳይሆን ለሽያጭም ይሠራሉ። ይህም የተመሰገነ ነው፤ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን የአንዲት እናት ሕይወት አለን።

ዜሊ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1831 በፈረንሳይ ተወልዳ በአላንሶን ከተማ የኖረች ዳንቴል ሠሪ ናት። የአላንሶን ዳንቴል በመርፌ ብቻ የሚሠራ እጅግ ረቂቅ ሥራ ሲሆን፣ በ2010 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ወርዱም ቁመቱም አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ለሆነች ቍራጭ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሥራው በትንንሽ ቍራጭ ተከፍሎ በየሴቶቹ ቤት ይሠራ ነበር፤ ቍራጮቹንም መጋጠሚያው እንዳይታይ አድርጋ የምታያይዘው ዜሊ ነበረች። ንግዱን በ1853 ጀመረች፤ በ1858 ሰዓት ሠሪውን ሉዊን አገባች፤ ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜም ዘጠኝ ልጆች ወለደች። አራቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የመጨረሻዪቱ ልጅ ቅድስት ተሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ ናት።

የዜሊ ደብዳቤዎች ተጠብቀው ለእኛ ደርሰዋል። በእነርሱ ውስጥ ሁለት ነገር እናነባለን። በመስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ ዳንቴሏን ስታያይዝ ደስ እንደሚላት ትናገራለች፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ በቀን የተወሰነ ትእዛዝ ሲበዛባት ሥራው ዕረፍት እንደ ነሣትና እንደ ከበዳት ታማርራለች። እጁ አንድ ነው፤ መርፌውም አንድ ነው። ልዩነቱ የሥራውን ሰዓት የሚወስነው ማን መሆኑ ነው። ሥራው በቤቱ ልክ ሲሄድ ያሳርፋል፤ ቤቱ በሥራው ልክ እንዲሄድ ሲገደድ ግን ይከብዳል።

ዜሊ በጡት ካንሰር ታማ ነሐሴ 28 ቀን 1877 እ.ኤ.አ. በ45 ዓመቷ ዐረፈች፤ ያን ጊዜ ተሬዛ አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ጥቅምት 18 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ዜሊንና ሉዊን በአንድነት ቅዱሳን ብለው ሰየሙ። ይህች እናት እንቅልፍ በማጣቷ አልተቀደሰችም። ድካሟን ለመምሰል ሳይሆን፣ በዚያ ሁሉ ድካም መካከል ልጆቿን ከሥራዋ ማስቀደሟን ለመማር ሕይወቷን ማንበብ ይገባናል።

ለሽያጭ የሚሠሩ እናቶች የሚከተለውን ቢይዙ ይጠቀማሉ። ትእዛዝ ሲቀበሉ ቀኑን ሳይሆን የሥራውን ክፍሎች ይቍጠሩ፤ ከቈጠሩትም ጊዜ እጥፍ ይንገሩ። ልጅ ቢታመም ሥራው ሊዘገይ እንደሚችል ለደንበኛው ገና ሲስማሙ ይናገሩ። ዋጋ ሲተምኑ ከጨርቁና ከክሩ ጋር ጊዜያቸውንም ያስቡ፤ ጊዜዋን በነጻ የምትሰጥ እናት የምትሰጠው የልጆቿን ድርሻ ነውና። የሰንበትን ዕረፍት ለትእዛዝ አይሽጡ።

7. የባል ድርሻ

ሉዊ በ1870 የሰዓት መሸጫውን ለዘመዱ ሸጦ የሚስቱን ንግድ መርዳት ጀመረ፤ ወደ ገበያ የሚደረገውን ጕዞና ሒሳቡን ያዘ። ከአንድ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል በፊት እንዲህ ያለ ባል ከነበረ፣ ዛሬ ባሎች በሳምንት አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ሕፃኑን መያዝ ሊከብዳቸው አይገባም። ከላይ እንዳየነው መኪናና መቀስ የሚጠይቁት ይህን የመሰለ ያልተቈራረጠ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት በሳምንት፣ በዓመት ከአንድ መቶ ሰዓት ይበልጣል። ይህ ሰዓት በቃል ብቻ ሳይሆን ቀኑ ተወስኖ ቢሰጥ፣ እናት በቀሩት ቀናት ጥልፏን ስታስቀምጥ አይከፋትም፤ የሚመጣበትን ቀን ታውቃለችና።

ባልና ሚስት ለመወያያ

ሀ. በቤታችን ተጀምሮ የቀረ የእጅ ሥራ አለን? ቢከፋፈል በስንት ጊዜ ያልቃል? ለልጁ ልኩ ካለፈ ለታናሹ ወይም ለሌላ ልጅ ሊሆን ይችላልን?
ለ. ከምንሠራቸው ሥራዎች ልጅ አጠገብ ሳለ የሚሠራው የትኛው ነው? ልጅ ሲተኛ የሚሠራውስ?
ሐ. በሳምንት ውስጥ እናት ሳትጠራ የምትሠራበት ሁለት ሰዓት የትኛው ቀን ቢሆን ይመቻል?
መ. ልጆቻችን በዚህ ዓመት ከመርፌና ከክር ምን ይማሩ? መርፌዎቻችንስ ዛሬ ስንት ናቸው?